እስከ ጉልበት የደረሰ ውኃ ሰውን እንዴት ይጥላል?

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ቢሆንም ቃል በቃል ሲወሰድም እውነት መሆኑን የተረዳነው በአንድ የመስክ ጉዞ ላይ ነበር። ከአንድ የደጋ ወንዝ የውኃ ነፍሳትን ናሙና ስንሰበስብ፣ ዋና አሳምሮ የሚያውቅ ባልደረባችን ወንዙን ለመሻገር ገባ። ሦስት ጊዜ ተራመደ፤ በአራተኛው እግሩ አዳለጠውና ወደቀ። ውኃው እየገፋ ጥቂት ሜትሮች ከወሰደው በኋላ አንድ እረኛ ዱላውን ዘርግቶ አወጣው። ባልደረባችን እየተንቀጠቀጠ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ውኃው ጉልበቴን እንኳ አላለፈም፤ ታዲያ ምን ጣለኝ?» በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንፈልጋለን።

ለዓሣው የተመቸ፣ ለሰው ያልተመቸ

ጥያቄው በይበልጥ የሚመለከተው ሥራቸው ወይም መዝናኛቸው ወንዝ ውስጥ የሚያቆማቸውን ሰዎች ነው። ከእነዚህም መካከል በዝንብ መሰል መንጠቆ ትራውት የሚያጠምዱ ሰዎች ይገኛሉ። ትራውት የአገራችን ነባር ዓሣ አይደለም። ቡናማውና ባለ ቀስተ ደመናው ዝርያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥተው በባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቀቁ። ዛሬም በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚያጠምዷቸው አሉ።

ትራውት ቀዝቃዛ፣ ኦክስጅን የበዛበትና በድንጋይ መካከል የሚፈስ ውኃ ይወዳል። ኦክስጅን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በይበልጥ ይሟሟል፤ ውኃው ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ ሲናወጥ ደግሞ ከአየሩ ተጨማሪ ኦክስጅን ይቀበላል። አጥማጁም ረጅሙን ክር ወደ ኋላና ወደ ፊት ለመወርወር ከዳር ቁጥቋጦ መራቅ ስላለበት ወደ ወንዙ መካከል ይገባል። እንግዲህ ወንዙን ለዓሣው መልካም ያደረጉት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ቅዝቃዜው፣ ፍጥነቱና ድንጋዩ፣ ለሰውየው አደጋዎቹ ናቸው።

ኃይሉ ከየት መጣ?

የውኃ እፍግታ ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ወራጅ ውኃ በእግራችን ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ሁለት እግሮቹ በአንድነት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው እንበል። ውኃው በሴኮንድ 1 ሜትር ሲፈስ የሚገፋው ኃይል 75 ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህም የ7 ተኩል ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። በሴኮንድ 2 ሜትር ሲፈስ ግን 300 ኒውተን፣ ማለትም የ30 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ በአንድ ጣት እንኳ አልጨመረም።

ይህን ግፊት የሚቋቋመው በጫማችንና በድንጋዩ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃውም የሚወሰነው ወደ ታች በምንጫነው ክብደት ነው። እዚህ ላይ አርኪሜደስ ጣልቃ ይገባል፤ ውኃ የሰመጠውን የሰውነት ክፍል ወደ ላይ ስለሚያነሳ እስከ ወገቡ የገባ ሰው ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እግሩ ላይ የሚቀረው 32 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አልጌ በሸፈነው ድንጋይ ላይ የሰበቃው መጠን የክብደቱ ሦስት አሥረኛ ነው ብንል የሚይዘው ኃይል 100 ኒውተን እንኳ አይሞላም። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚፈስ ውኃ ደግሞ እስከ ወገብ ሲደርስ በ150 ኒውተን ይገፋል። ይህ ፍጥነት ከተራ የእግር ጉዞ የማይበልጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ውኃው ሲጨምር ግፊቱ ያድጋል፤ መቆሚያችን ግን ይቀንሳል።

ዓይንና ሰማይ ሲያታልሉ

ሌላው አታላይ ብርሃን ነው። በስብረት ምክንያት ከላይ ወደ ታች የታየ የወንዝ ወለል ከእውነተኛው ጥልቀት ሦስት አራተኛ ብቻ መስሎ ይታያል። 80 ሳንቲ ሜትር የሆነው 60 ይመስላል፤ ከዳር ሆነን በአግድም ስናየው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይመስላል።

ሰማዩም ያታልላል። እኛ የቆምንበት ቦታ ፀሐይ ሆኖ ከወንዙ ራስ ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ደራሽ ጎርፍ ምንጩ በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ ነበር። ንጹሑ ውኃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ወዲያውኑ መውጣት ይገባል።

ቅዝቃዜውና ሱሪው

በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳይወድ በግድ በኃይል ይተነፍሳል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ የሚስበው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊዝብሬክት ሂደቱን በሦስት ቁጥሮች ያስታውሱናል፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር እስኪዝል 10 ደቂቃ፣ የሰውነት ሙቀት ወርዶ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት። ብዙ ሰው የሚፈራው የመጨረሻውን ቢሆንም ቶሎ የሚገድለው የመጀመሪያው ነው።

አጥማጆች እስከ ደረት የሚደርስ፣ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ይለብሳሉ። ሱሪው ውኃ ከሞላ ለባሹን ወደ ታች ይጎትታል የሚል እምነት በሰፊው አለ። ነገር ግን ውኃ በውኃ ውስጥ ክብደት የለውም። አሜሪካዊው ስመ ጥር አጥማጅ ሊ ዉልፍ ይህንኑ ለማሳየት ሱሪውን እንደለበሰ ከድልድይ ወደ ወንዝ ዘሎ ነበር። እውነተኛው ችግር ውኃ የሞላ ሱሪ መዋኘትን ማክበዱና ከወንዙ ለመውጣት ሲሞከር ክብደቱ በሙሉ መመለሱ ነው። ስለዚህ ወገብን በቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ውኃው እንዳይገባ ያግዛል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከመግባታችን በፊት ፍጥነቱን እንለካ። በዳር 10 ሜትር ለክተን ቁራጭ እንጨት እንጣል፤ በ10 ሴኮንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሜትር፣ በ5 ሴኮንድ ከደረሰ 2 ሜትር ነው። ስፍራውን ከታች በኩልም እንመልከት፤ ፏፏቴ ወይም የወደቀ ዛፍ ካለ አንግባ።

ከገባን ዱላ እንያዝ፤ ሦስተኛ እግር ነውና። ውኃው የሚገፋው ስፋት እንዲቀንስ በጎን እንቁም፤ አንዱ እግር ሳይደላደል ሌላውን አናንሳ። ብቻችንን አንሂድ።

ከወደቅን በጀርባችን ተንጋለን፣ እግራችንን ወደ ውኃው መሄጃ አድርገንና ወደ ላይ አንስተን እንንሳፈፍ፤ በእጃችን እየቀዘፍን በሰያፍ ወደ ዳር እንጠጋ። በፈጣን ውኃ መካከል ለመቆም መሞከር አደገኛ ነው፤ እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ውኃው ሰውየውን በግንባሩ ደፍቶ ይይዘዋል። መቆም ያለብን ውኃው ከጉልበት በታች ሲሆንና ግፊቱ ሲላላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ባልደረባችን ከእነርሱ መካከል ሊሆን ይችል ነበር። እረኛው ስለ ፍጥነት ካሬም ሆነ ስለ ስብረት አልተማረም ይሆናል፤ ሆኖም ወንዙን ሳያየውና በዱላው ሳይለካው አይገባም። እኛ ግን ቀመሩን በክፍል ውስጥ ተምረን ወንዙ ዳር ረስተነው ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ትምህርታችን ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ወንዙ ዳር እስኪደርስ ድረስ ውኃው እያሳሳቀ መውሰዱን አይተውም።