በጭብጥ የምትያዝ የሒሳብ መኪና

የሒሳብ መኪና ከጠረጴዛ የማይነሣ ከባድ ዕቃ በነበረበት ዘመን፥ በ1948 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ሊክተንስታይን ከምትባለው ትንሽ አገር፥ ኩርታ የተባለች በኪስ የምትገባ መኪና ለገበያ ቀረበች። መልኳ የእጅ ቡና መፍጫን ይመስላል፤ ኤሌክትሪክም አትሻም።

ከቀደሙት መኪናዎች ብዙዎቹ ለእያንዳንዱ አኃዝ የራሱ ባለጥርስ ከበሮ ስለ ነበራቸው ግዙፋን ነበሩ። በኩርታ ግን ከበሮው አንድ ብቻ ሆኖ በመካከል ይቆማል፤ ትንንሾቹ ባለጥርስ መንኰራኵሮች ዙሪያውን ይከቡታል። በጐኗ ያለው መግፊያ ወደ 4 ሲወርድ፥ መንኰራኵሩ ከበሮው 4 ጥርስ ካለው ስፍራ ይደርሳል፤ በራሷ ላይ ያለው መዘውር አንድ ጊዜ ሲዞር 4 ይደመራል።

ማባዛትም መደመርን መደጋገም ነው። 425 ጣቃ ጨርቅ እያንዳንዱ በ36 ብር ቢገዛ፥ 425 ይሞላና መዘውሩ 6 ጊዜ ይዞራል፤ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ አሥር ቤት ይዛወርና 3 ጊዜ ይዞራል። በዘጠኝ ዙር 15,300 ብር በመስኮቱ ይታያል።

ይልቁንም የሚያስደንቀው መቀነሻው ነው። መዘውሩ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ጥቂት ወደ ላይ ሲሳብ ከበሮው ሌሎች ጥርሶችን ያቀርባል፥ እነርሱም እያንዳንዱ አኃዝ ከ9 የጐደለውን ይደምራሉ። ነገሩ በሦስት አኃዝ ቢታይ፥ ከ825 ላይ 347 ለመቀነስ 652 ይደመራል፥ አንድም ይጨመራል። ድምሩ 1,478 ነው፤ የፊተኛው 1 ስፍራ አጥቶ ሲወድቅ 478 ይቀራል።

የፈጠራት ኩርት ሄርዝስታርክ የቪየና ተወላጅ፥ የሒሳብ መኪና ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበር። በ1938 የፈጠራውን መብት አስመዘገበ፤ በ1943 ናዚዎች ይዘው ወደ ቡኸንቫልድ የእስር ሰፈር ወሰዱት። መኪናዋ ለሂትለር ስጦታ ትሆናለች ተብሎ ንድፉን እንዲሠራ ተፈቀደለት፤ በእርሳስም ነደፈው።

ከጦርነቱ በኋላ በሊክተንስታይን ኩባንያ ሲቋቋም የአክሲዮኑ ሲሶ የእርሱ ሆነ። ባለገንዘቦቹ ግን የነበረውን አክሲዮን ሁሉ ዋጋ አሳጥተው ሊያስወጡት ፈለጉ። ቀድሞ፥ ክስ ቢመጣ በእርሱ ላይ እንዲሆን ብለው የፈጠራውን መብት በስሙ ትተውት ነበርና፥ ያለ እርሱ ፈቃድ አንዲት መኪና እንኳ መሥራት የማይችሉ ሆኑ። ስለዚህ አዲስ ውል ተዋዋሉት፥ ክፍያውም ቀጠለ። ሥራው እስኪቆም ድረስ 140,000 ያህል ኩርታዎች ተሠሩ።