ስለ መጻሕፍት ምርጫ

መጽሐፍ ለመግዛት ወደ መደብር የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው አስቀድሞ የሚያውቀውንና የሚወደውን ዓይነት ነው። ታሪክ የሚወድ ታሪክ ይገዛል፤ ልብ ወለድ የሚወድም ልብ ወለድ ይገዛል። በዚህ ማንም ሊነቀፍ አይገባውም፤ ገንዘቡም ጊዜውም የራሱ ነውና። ነገር ግን በአንድ ቤት የተሰበሰቡ መጻሕፍት የገዢው ብቻ ሆነው አይቀሩም። ልጆች ይደርሱባቸዋል፤ እንግዳ ያነሣቸዋል፤ ቤት የምትጠርገዋ ልጅ አቧራውን ስታራግፍ ትገልጣቸዋለች። ስለዚህ መጽሐፍ በሚመረጥበት ጊዜ ገና ምን እንደሚወድ ያላወቀው ልጅም ሊታሰብ ይገባል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ የፈለግነው ድርሰትና ሳይንስ ኪነ ጥበብም በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለ መቀመጣቸው ነው።

ለዚህ ነገር የማይክል ፋራዴይ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር ከአንድ ድኻ ብረት ሠሪ ተወለደ። ማንበብና መጻፍ፥ ጥቂትም ሒሳብ ከመማር በቀር ሌላ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ በለንደን ከተማ ለሚኖር አንድ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ሙያ እንዲማር ተሰጠና 7 ዓመት በዚያ ቤት ቈየ። ሥራው መጻሕፍትን መስፋትና ማልበስ፥ ለባለቤቶቻቸውም መመለስ ነበር። ልጁ ግን በሚሠራው ሥራ ብቻ አልረካም፤ በእጁ የገቡትን መጻሕፍት ከመመለሳቸው በፊት ያነብ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ መጻሕፍቱን የመረጠው ፋራዴይ አለመሆኑ ነው። የመረጡት ደንበኞቹ ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ሊጠረዝ የመጣ የታላቁ መዝገበ ዕውቀት አንዱ ክፍል እጁ ገባና ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አነበበ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጄን ማርሴት የተባሉ እመቤት እ.ኤ.አ. በ1806 ያሳተሙትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አገኘ። ይህ መጽሐፍ አንዲት አስተማሪ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር የምትነጋገርበት ስለሆነ፥ ነገሩ በጨዋታ መልክ ወደ ልብ የሚገባ ነው። ልጁም ያነበበውን በነገሩ ብቻ አላመነም፤ በትንሽ ገንዘብ የሚገኙ ዕቃዎችን እየገዛ እውነት መሆኑን ይፈትን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1812 ከደንበኞች አንዱ የታላቁን ሊቅ የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት እንዲሰማ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። የሰማውን ሁሉ ጽፎ፥ በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ በሚከተለውም ዓመት በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1831 በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ማግኔት ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር የገለጠው ይህ የጠራዥ ቤት ልጅ ነው። ዛሬ በቆቃም በጣና በለስም ውሃው የሚያዞረው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

እንግዲህ የዚያ ሱቅ ደንበኞች ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ የሚልኩ ቢሆኑ ኖሮ፥ ወይም የኬሚስትሪው መጽሐፍ እንደ ቀድሞው የሊቃውንት ልማድ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ፥ ልጁ ጥሩ ጠራዥ ሆኖ ይቀር ነበር ለማለት ይቻላል። ይህንን ካልን ዘንድ ጥያቄውን ወደ ራሳችን መመለስ ይገባናል። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ከአንድ ጠራዥ ቤት የተቀጠረ፥ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያነብ የ14 ዓመት ልጅ በእጁ ምን ምን ይገባለት ይሆን?

በድርሰት በኩል ልጁ አይራብም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ያሉትን መጽሐፋቸውን በ1900 ዓ.ም. በሮማ ካሳተሙ ወዲህ የአማርኛ ድርሰት ከዓመት ወደ ዓመት ሲበዛ ኖሮአል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ በኋላማ ረዥም ልብ ወለድ የማያነብ የተማረ ሰው የለም ለማለት እስኪቻል ደረሰ። ከውጭ አገር ቋንቋ የተመለሰውም ጥቂት አይደለም። ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልዬት»፥ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ «መከረኞቹ» ብለው ወደ አማርኛ መልሰዋል። ነቢይ መኰንን በ1970ዎቹ ዓ.ም. በእስር ቤት ሳሉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ የተረጐሙት ሌላ ወረቀት ስላልነበራቸው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፉ ነው። ለልብ ወለድ ይህን ያህል ትጋት ከተገኘ፥ ትጋት አነሰ ብሎ ማማረር አይቻልም።

በሳይንስ በኩል ግን መደርደሪያው ሳስቶአል። ነገሩ የሚያስገርመው አባቶቻችን በግእዝ ዘመን እንዲህ አለመሆናቸው ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተተረጐመው «ፊሳልጎስ» ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ፥ ስለ ዛፍና ስለ ድንጋይ የሚናገር መጽሐፍ ነው። በዛሬ ሚዛን ቢመዘን ብዙው ተረት እንደሆነ አይካድም፤ ሆኖም በዘመኑ የነበረውን የፍጥረት ዕውቀት ለአገር ልጅ ለማድረስ የታሰበ ሥራ ነበር። ዘመን የሚቈጠርበት «አቡ ሻክር»፥ የጥንት ጠቢባንን ቃል የሰበሰበው «አንጋረ ፈላስፋ» ከዐረብኛ ተመልሰዋል። ዜማው ከፊደሉ በላይ በምልክት የተጻፈበት ድጓም በዚያው ዕቃ ቤት ይቀመጥ ነበር። ቅኔው፥ ዜማውና የዘመን ቈጠራው የአንድ ሊቅ ትምህርት እንጂ የተለያዩ ሰዎች ርስት አልነበሩም።

ባማርኛም ቢሆን መንገዱን ያሳዩ አልጠፉም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመላቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ገንዘብ፥ ስለ ንግድና ስለ ሥራ በሳይንስ ሥርዓት ይናገራል። ጸሐፊው የተዘጋጀ ቃል ሳይጠብቁ ባላገር ሊረዳው በሚችል አማርኛ አስረድተውታል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በ1993 ዓ.ም. «ባሕረ ሐሳብ» በተባለው መጽሐፋቸው የዘመን ቈጠራችንን ስሌት በግልጥ አብራርተዋል። በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታትሞአል፤ መዝገበ ቃላት ግን የሚያገለግለው ለሚጽፍ ሰው ነው፤ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚያነብበው አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ወሰነ፥ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያውቁት ሊቃውንቶቻችን ዕውቀታቸውን ያገኙት በባዕድ ቋንቋ ነው። ባማርኛ መጻፉ ለእነርሱ ተጨማሪ ድካም ይሆንባቸዋል። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ምክንያት ሊሆን መቻሉን ግን እንጠራጠራለን።

ጋሊሌዎ ይህ ድካም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1610 በመነጽር ስላያቸው ከዋክብት ያሳተመው መጽሐፍ በላቲን ነበር። ስለ ምድር መዞር የሚከራከረውን ታላቁን መጽሐፉን ግን እ.ኤ.አ. በ1632 ያሳተመው በኢጣሊያንኛ ነው፤ ለሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ሰው ሁሉ እንዲደርስ ፈልጎ ነበርና። እርሱም እንደ ማርሴት መጽሐፍ በንግግር መልክ የተዘጋጀ ሆኖ ሦስት ሰዎች አራት ቀን ይከራከሩበታል። ሙግትና ጥያቄ የሚወድ የአማርኛ አንባቢ እንዲህ ያለው አጻጻፍ የሚከብደው አይመስለንም። የሳይንስ መጽሐፍ ባማርኛ ሲጻፍ እንደ ሕግ አንቀጽ የሚደርቅበትን ምክንያት ልንረዳው አልቻልንም።

ስለ ኪነ ጥበብ የምንናገረው አጭር ነው፤ ያለው ጥቂት ነውና። የኢጣሊያ ሰዓሊያንን ስምና ሥራ ዓለም በሰፊው ያወቀው፥ ራሱ ሰዓሊ የነበረው ጆርጆ ቫዛሪ እ.ኤ.አ. በ1550 ታሪካቸውን በአገሩ ቋንቋ ጽፎ ስላሳተመ ነው። በእኛ አገር በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል ታላቅ ሰዓሊ ነበር። ስሙን ያወቅነው በጣና ሐይቅ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው ሥዕል ላይ በተጻፈ አጭር ጽሑፍ ምክንያት ነው። ስማቸውን ሳይጽፉ የሄዱት ቍጥራቸው ስንት ይሆን? የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት በአዲስ አበባ ከተከፈተ ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ እጅግ ብዙ ሰዓሊያን ወጥተዋል፤ የእነዚህን ሥራ እያሳየ የሚያስረዳ፥ ዋጋውም ለድኻ ቤት የሚስማማ የአማርኛ መጽሐፍ ግን በየመደብሩ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ከየት ይጀመር ለሚል ተርጓሚ ፋራዴይ ራሱ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ትቶለታል። በስተርጅናው ለልጆች ስለ ሻማ ያስተማራቸው 6 ትምህርቶች እ.ኤ.አ. በ1861 ታትመዋል። ከዚያ ውስጥ ለአንዱ ፈተና የሚያስፈልገው አንድ ሻማና አንድ ቀጭን የመስተዋት ቧንቧ ብቻ ነው። የቧንቧውን አንድ ጫፍ በነበልባሉ መካከል ካለው ጥቁር ስፍራ ሲያስገቡት ጢስ የሚመስል ነገር በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ በዚያ ጫፍ ክብሪት ቢያስጠጉበት እርሱም በተራው ይነድዳል፤ ያ ጢስ መሳይ ነገር በሙቀት ወደ እንፋሎት የተለወጠ ሰም ነውና። ሻማ ባይገኝ በወፍራም ጧፍም ሊሞከር ይችላል፤ ጧፉም ከንብ ሰም የተሠራ ነውና።