ባሮ ላይ ዓሣ ልታጠምዱ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ 🎣

በዝንብ አምሳል በተሠራ ማጥመጃ የሚያጠምዱ ሰዎችን ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ሰውዬው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ክሩን ያወናጭፋል። ደስ ይላል! ግን ያ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛና ትንሽ ወንዝ ነው። ጋምቤላ፣ ባሮ ላይ እንዲህ ማድረግ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ለምን እንደሆነ እናስረዳችሁ።

🐊 አዞ፦ ውሃው ሲደፈርስ ከሥር ያለው አይታይም። ስለዚህ አትግቡበት። ከጀልባ ወይም ከፍ ካለ ዳርቻ ላይ ወርውሩ። የያዛችሁትን ዓሣም ውሃው ጠርዝ ላይ አትጠቡ።

🦛 ጉማሬ፦ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መገኘት በጣም አደገኛ ነው። ሳይመሽ ከወንዙ ራቁ።

🌧 ወቅት፦ ክረምት ላይ ባሮ ይሞላል፤ በጋ ይሻላል። ውሃው የሚመጣው ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ስለሆነ፣ ጋምቤላ ፀሐይ ሆኖም ወንዙ ሊጨምር ይችላል።

🦟 ወባ፦ አጎበር፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ያዙ። ስለ መከላከያ መድኃኒት ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ።

🕶 ዕቃ፦ ናይል ፐርች ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ክሩን እጃችሁ ላይ ከጠመጠማችሁት ይጎትታችኋል። መንጠቆው በፊታችሁ አጠገብ ስለሚያልፍ መነጽር አድርጉ፤ ከመወርወራችሁ በፊትም ኋላችሁን እዩ።

ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ፈቃድና ስለ ጸጥታ የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ። ወንዙን የሚያውቅ የአካባቢው አጥማጅ አብሯችሁ ይሁን፤ እሱ «እዚህ ጋ አይሆንም» ካለ አትከራከሩ። የምትመለሱበትን ሰዓትም ለሰው ንገሩ።

ዓሣው ነገም አለ። አብሯችሁ ለሚሄደው ጓደኛ ሼር አድርጉለት።