ውሃ የካርታ ድንበር አያውቅም፦ የተቆራረጡ የከፍታ ካርታዎች እንዴት አንድ ይሆናሉ?

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ፣ በኦዊኖ ገበያ ቦንዳ ልብስ ዘርግቶ ለሚሸጥ ነጋዴ የሰማይ መጥቆር የሥጋት ምልክት ነው። ገበያው የተቆረቆረው በኮረብቶች መካከል ባለ ዝቅተኛ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ ከዳገቶቹ የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀበለው የናኪቩቦ ቦይ በአጠገቡ ያልፋል። ቦዩ ሲሞላ ውሃው ወደ መተላለፊያዎቹና ወደ መደብሮቹ ይገባል።

በይፋዊ ስሙ ቅዱስ ባሊኩደምቤ የሚባለው ይህ ገበያ ስያሜውን ያገኘው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) በ1885 በናኪቩቦ ከተገደለው ኡጋንዳዊ ሰማዕት ከዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩደምቤ ነው። ካምፓላ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ገበያውን በቅርብ ያውቁታል።

ለገበያው ነጋዴዎችም ሆነ ለከተማዋ መሐንዲሶች ቁልፉ ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው ከየት ይመጣል? የትስ ይሄዳል? ለዚህ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ መረጃ ዛሬ ኢንተርኔት ላለው ሁሉ በነጻ ይገኛል። የሚገኘው ግን ተቆራርጦ ነው። ቁራጮቹ በአግባቡ ካልተገጣጠሙ ደግሞ ካርታው በገሃዱ ዓለም የሌለ ገደልና ግድግዳ ሊያሳይ ይችላል።

የቁጥር ሰንጠረዥ እንጂ ፎቶ አይደለም

ባለሙያዎች ራስተር የሚሉት የከፍታ ካርታ በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይመስላል። በውስጡ ያለው ግን የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። መሬቱ በእኩል አራት ማዕዘን ሕዋሳት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥም የዚያ ቦታ ከፍታ በሜትር ይሰፍራል። ኮምፒውተሩ ጎረቤት ሕዋሳትን እያነጻጸረ ውሃ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚወርድ ያሰላል።

በዓለም በስፋት ከሚሠራባቸው የከፍታ መረጃዎች አንዱ የተሰበሰበው እአአ በየካቲት 2000 ኢንዴቨር በተባለችው የአሜሪካ መንኩራኩር ነው። መንኩራኩሯ በ11 ቀናት በረራ ከምድር የብስ 80 በመቶ የሚሆነውን በራዳር ለክታለች። ከአሜሪካ ውጭ ላለው ዓለም ለረጅም ጊዜ ይፋ ሆኖ የቆየው የ90 ሜትር ሕዋስ ያለው ቅጂ ነበር። በ2014 የ30 ሜትሩ ሲለቀቅ ግን የመጀመሪያዋ ተረኛ አፍሪካ ሆናለች።

መረጃው እጅግ ግዙፍ በመሆኑ በአንድ ፋይል አይቀመጥም። ዓለም በኬክሮስና በኬንትሮስ መስመሮች ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የሆነው ቁራጭ ለብቻው ይቀመጣል። ቁራጩ ታይል ይባላል። በምድር ወገብ አካባቢ የአንዱ ታይል ጎን 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ30 ሜትሩ ቅጂ አንድ ታይል 3,601 ረድፍና 3,601 ዓምድ አለው፤ ይህም 13 ሚሊዮን የሚጠጋ የከፍታ ቁጥር ማለት ነው። ታይሉ ስሙን የሚያገኘው ከደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ ነው። ካምፓላ ያለችበት ታይል ለምሳሌ "ሰሜን 00 ምሥራቅ 032" በሚል ይታወቃል።

ከኦዊኖ እስከ እንጦጦ

ኦዊኖ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ገበያውም ሆነ የናኪቩቦ ቦይ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ድረስ በአንድ ታይል ውስጥ ይወድቃሉ። ነገር ግን ታሪኩ ሐይቁ ዳር አያበቃም። ከገበያው ቆሻሻ ይዞ የሚወርደው ውሃ ረግረጉን አቋርጦ ወደ መርቺሰን ወሽመጥ ይገባል። ከካምፓላ የመጠጥ ውሃ ከፊሉ የሚቀዳውም ከዚሁ ወሽመጥ፣ ጋባ ከሚገኘው የውሃ ማጣሪያ ነው።

ወሽመጡን ከሐይቁ ጋር አንድ አድርጎ ማጥናት የፈለገ ሰው ወዲያው ከታይል ድንበር ጋር ይጋፈጣል። የምድር ወገብ ሐይቁን አቋርጦ ያልፋል፤ ከመስመሩ በስተደቡብ ሌላ ታይል ይጀምራል። ነጭ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣባት ጂንጃ ደግሞ ከ33 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተምሥራቅ፣ በሌላ ታይል ላይ ትገኛለች። መላውን የቪክቶሪያ ሐይቅ ለመሸፈን ከአስር በላይ ታይሎች ያስፈልጋሉ።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ከካምፓላም የከፋ ነው። ዘጠነኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ከተማዋን በመስቀል አደባባይና በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ለሁለት ይከፍላታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው የእንጦጦ ተራሮች የሚነሱት የአቃቂ ወንዝ ገባሮች ይህን መስመር ተሻግረው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። ምንጫቸው በአንዱ ታይል፣ መድረሻቸው በሌላው ታይል ነው ማለት ነው።

አንድ ባለሙያ የደቡቡን ታይል ብቻ ከፍቶ የአቃቂን የጎርፍ ሥጋት ቢያሰላ ኮምፒውተሩ ወንዙን ከመስመሩ ላይ እንደሚጀምር አድርጎ ይቆጥረዋል። በእንጦጦ፣ በጉለሌ እና በአራዳ የሚዘንበው ዝናብ ከሒሳቡ ውጭ ይሆናል። በውጤቱ የሚገኘው የጎርፍ መጠን ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ነው። በታችኛው ተፋሰስ በወንዝ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ስህተት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጣና ሐይቅም እንዲሁ በ12ኛው ዲግሪ መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው።

የማጋጠሚያው ሁለት መንገድ

ታይሎችን ለማጋጠም ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ኪውጂአይኤስ የተባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌር "ራስተር" በሚለው ዝርዝሩ ሥር ለዚሁ የተዘጋጁ ሁለት መሣሪያዎችን ይዟል። ከሁለቱም በስተጀርባ የሚሠራው ጂዳል የተባለ ሌላ ነጻ ፕሮግራም ነው።

የመጀመሪያው "መርጅ" ይባላል። የታይሎቹን ቁጥሮች በሙሉ ገልብጦ አንድ አዲስ ትልቅ ፋይል ይሠራል። ታይሎቹ በተደራረቡበት ቦታ ላይ መጨረሻ የገባው የቀደመውን ይሸፍነዋል። የመንኩራኩሯ ታይሎች በጠርዛቸው አንድ ረድፍ ስለሚጋሩና በዚያ ረድፍ ላይ ያለው ቁጥር ተመሳሳይ ስለሆነ ይህ ችግር አይፈጥርም።

ሁለተኛው "ቨርቹዋል ራስተር" ነው። ይህ ምንም ቁጥር አይገለብጥም፤ የትኛው ታይል የት እንደሚገኝ የሚናገር አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ያዘጋጃል። ፈጣን ነው፤ የኮምፒውተር ቦታም አይፈጅም። ሆኖም ዋናዎቹ ታይሎች ከነበሩበት ከተነሱ ወይም ከተሰረዙ ካርታው ባዶ ይሆናል። ለብዙ ታይሎችና ለፈጣን ምርመራ ይህኛው ይመረጣል፤ ለሌላ ሰው የሚላክ ወይም በማኅደር የሚቀመጥ ሥራ ሲሆን ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

ስፌቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

የኩታ ሁለት ክፋዮች ሲሰፉ ጥለታቸው ካልገጠመ ጉድለቱን ሁሉም ያየዋል። የከፍታ ካርታ ስፌት ሲበላሽ ግን ጉድለቱ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም።

ለጀማሪ የተለመደው ስህተት በቨርቹዋል ራስተር መስኮት ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱን ፋይል በተለየ ንብርብር ለማስቀመጥ የሚያገለግለው ምርጫ ከመጀመሪያው ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ምልክቱ ካልተነሳ ታይሎቹ ጎን ለጎን አይጋጠሙም፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ተለያይተው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ስህተት ባዶ ቦታን ይመለከታል። መረጃ የሌለበት ሕዋስ በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ በ"-32,768" ይወከላል። ሶፍትዌሩ ይህ ቁጥር "መረጃ የለም" ማለት መሆኑ ካልተነገረው ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ አድርጎ ይወስደዋል። ባዶው ቦታ በዜሮ ሲሞላም አደጋ አለው። የቪክቶሪያ ሐይቅ ገጽ ራሱ ከባሕር ጠለል 1,130 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ እዚያ አካባቢ ዜሮ ማለት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ገደል ነው። በስሌቱ ውስጥ ውሃው ሁሉ ወደዚያ ይፈስሳል።

ሦስተኛው ከተለያየ ምንጭ የመጡ ታይሎችን መቀላቀል ነው። የመንኩራኩሯ መረጃ የባሕር ጠለልን የሚለካው በአንድ ቀመር ሲሆን፣ ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ የከፍታ መረጃ ደግሞ በሌላ፣ በኋላ በተሠራ ቀመር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ እንደ ናኪቩቦ ባለ ሜዳማ ሸለቆ ውስጥ ቢገባ በመገናኛው መስመር ላይ ዝቅተኛ ግድብ እንደ መሥራት ይሆናል።

አራተኛው በምድር ወገብ ላይ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ካርታ ወደ ሜትር መለኪያ ሲቀየር፣ በተለመደው ሥርዓት ከወገቡ በስተሰሜን ያለው ቦታ ከዜሮ ወደ ላይ ይቆጠራል። በስተደቡብ ያለው ግን ወገቡን 10 ሚሊዮን ሜትር ብሎ ወደ ታች ይቆጥራል። የካምፓላ ታይል በሰሜኑ፣ ከሐይቁ ወዲያ ያለው በደቡቡ ከተቀየሩ በኋላ ቢጋጠሙ፣ አጎራባች የሆኑት ሁለት ታይሎች በ10,000 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፦ መጀመሪያ ማጋጠም፣ ቀጥሎ ሁሉንም በአንድ ሥርዓት መቀየር።

ተዳፋትና የውሃ ፍሰትን በማስላት ረገድም ደንቡ ያው ነው። የእያንዳንዱ ሕዋስ ተዳፋት የሚሰላው ከጎረቤቶቹ ስለሆነ፣ በታይል ጠርዝ ያለ ሕዋስ በአንድ በኩል ጎረቤት የለውም። ለየብቻ ተሰልተው በኋላ የተጋጠሙ ካርታዎች በመካከላቸው ባዶ መስመር የሚታየው ለዚህ ነው።

ማጋጠም የማይፈታው

የተሳካ ስፌት ጨርቁን የተሻለ አያደርገውም። የ30 ሜትር ሕዋስ በኦዊኖ በርካታ ጠባብ መደብሮችን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል፤ በመካከላቸው ያለውን የፍሳሽ መውረጃ አያየውም። ራዳሩ የለካው የመሬቱን ገጽ ብቻ ሳይሆን ጣሪያዎችንና የዛፍ አናቶችንም ጭምር ነው። መረጃው በ2000 የተሰበሰበ በመሆኑም ከዚያ ወዲህ የተገነባውን አያውቅም። ቦዩን የደፈነ ፕላስቲክ በየትኛውም የከፍታ ካርታ ላይ አይታይም።

በመሆኑም ትልቁ ካርታ ውሃው ከየትኞቹ ኮረብቶች እንደሚሰበሰብና ወዴት እንደሚያመራ ይናገራል። የትኛው መደብር ደጃፍ እንደሚገባ ለማወቅ ግን በድሮን ወይም በቦታው ተገኝቶ መለካት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለፈው ዝናብ ውሃው እስከየት እንደደረሰ የሚያስታውሱትን ነጋዴዎች መጠየቅ ያሻል።