የሥርዓተ ክወና ፈቃድ፦ ከአሮጌ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ምን ይተላለፋል? ምን ይቀራል?



የዛሬው ገለጻ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይመረምራል። ኮምፒውተራችን አርጅቶ አዲስ ስንገዛ፣ በአሮጌው ላይ የነበረውን የዊንዶውስ ፈቃድ ማዛወር እንችላለን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ በደኅና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ከመስፈርቱ ውጭ ሆነዋል። ስለዚህ ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው።

በቅድሚያ ፈቃድ ምን እንደሆነ እንመልከት። ፈቃድ የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የአነደድ ገበሬ በይዞታ ደብተሩ ያርሳል፣ ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል፤ መሬቱን ግን አይሸጥም። የሶፍትዌር ተጠቃሚም እንዲሁ መብቱን የያዘው በወሰን ነው፤ ወሰኑን የሚያሰምረው ውሉ ነው።

የዊንዶውስ ፈቃድ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ኦኢኤም ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የሚመጣው ነው። ይህ ፈቃድ ከመጀመሪያው ማሽን አይለይም። ማሽኑ ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ አብሮ ይሄዳል፤ ለብቻው ተነጥሎ ግን ወደ ሌላ ማሽን አይዛወርም። ራም ወይም ሃርድ ዲስክ መቀየር ፈቃዱን አይነካውም፤ ማዘርቦርድ ሲቀየር ግን ማሽኑ በአብዛኛው እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ሪቴይል ነው፤ በችርቻሮ ለብቻው የሚገዛው። ይህ ገዢውን ይከተላል፤ በአንድ ጊዜ ግን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ ከአሮጌው ሳይነሣ በአዲሱ ላይ መጫን ውሉን መጣስ ነው።

ሦስተኛው ቮልዩም የሚባለው፣ ለተቋማት በጅምላ የሚሰጠው ነው። መብቱ የተቋሙ ነው፤ ማሽኑን ወይም ሠራተኛውን ተከትሎ ከግቢ አይወጣም።

ፈቃዳችን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በትእዛዝ መስኮት ላይ «ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር» ብለን ከእዝባር በኋላ «ዲ-ኤል-አይ» ብንጽፍ (በላቲን ፊደል)፣ የፈቃዱ ዓይነት ይገለጻል። ሪቴይል ከሆነ፣ ባለ 25 ሆሄ ቁልፉን በጥንቃቄ መዝግበን እንይዛለን፤ በ«ዲ-ኤል-አይ» ፋንታ «ዩ-ፒ-ኬ» በማለት ቁልፉን ከአሮጌው እናነሣለን፤ ከዚያም በአዲሱ ኮምፒውተር ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን በሚለው ገጽ እናስገባዋለን።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ኮምፒውተር በስጦታ ሲተላለፍ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሃያ አሮጌ ኮምፒውተሮችን በአምበር ከተማ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ሰጠ እንበል። ማሽኖቹ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር በኩል የሚረጋገጥ የቮልዩም ፈቃድ ይጠቀሙ ከነበረ፣ ከሰርቨሩ ጋር ሳይገናኙ 180 ቀን ሲሞላቸው ማረጋገጫቸው ይቋረጣል። በስድስተኛው ወር ገደማ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የሚያይ መምህር ክራክ የተደረገ ቅጂ በፍላሽ ቢያስጭን አይገርምም። በዚያ ቅጂ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ቫይረስ ግን የተማሪዎችን ውጤትና የፈተና ወረቀት ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህም ሌላ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ የተደረገለት ሥራ ነው።

መፍትሔው ግን ከሰጪው እጅ አልራቀም። ዊንዶውስ 8ና ከዚያ ወዲህ የወጡትን ይዘው በተመረቱ ኮምፒውተሮች፣ የኦኢኤሙ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ከስርክክቡ በፊት ያንኑ የፋብሪካውን እትም መልሶ መጫን መብቱን ከማሽኑ ጋር ያደርሳል። ለዊንዶውስ 11 ብቁ ላልሆነው ማሽን ደግሞ ኡቡንቱን የመሰለ የሊኑክስ ሥርዓት መጫን ይሻላል፤ በነጻ ለመቅዳትና ለሌላ ለማስተላለፍ ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል።

የውሉ ቃል በሁሉም አገር የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነም ልብ በሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በዩዝድሶፍትና በኦራክል ክርክር፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተሸጠን የሶፍትዌር ቅጂ ገዢው መልሶ ሊሸጠው እንደሚችል ወስኗል፤ የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ እስካደረገ ድረስ።

በመጨረሻም ለንብረት ክፍሎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በንብረት መዝገብ ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር መለያ ቁጥር ጎን የፈቃዱ ዓይነት ይጻፍ፤ በስጦታ ደብዳቤም ላይ ይጠቀስ። ይህ ከተደረገ፣ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ከማሽኑ ጋር የመጠቀም መብቱንም ተረክቦ ይሄዳል።