አዋጅ 300 እና የጓዳው ጭስ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደን ለአምስት ቀናት በድንጋይ ከሰል ጭስና በጉም ታፍና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁባት። የእንግሊዝ ፓርላማም በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ። አሜሪካ ጠንከር ያለውን የራሷን ሕግ በ1970 አጸደቀች። እኛ ዘንድ በዚህ ስም የሚጠራ፣ ለአየር ብቻ የቆመ አዋጅ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2021 የ194 አገሮችን ሕግ መርምሮ ከሦስት አገር አንዱ በሕግ የተደነገገ የአየር ጥራት ደረጃ እንደሌለው አስታውቋል። የኢትዮጵያ አየር ግን ያለ ሕግ አልተተወም። ሕጉ በሌላ ስም ስለሚጠራ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው።

ስሙ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። መነሻው ሕገ መንግሥቱ ሲሆን፣ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት ያደርገዋል። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ 295 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችን አቋቋመ፤ 299 ደግሞ ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖው እንዲገመገም አዘዘ። የአዋጅ 300 ሥራ ከተተከለ በኋላ ያለው ነው። ከአንድ ቦታ የማይነቃነቅ የጭስ ማውጫም ሆነ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ምን ያህል ሊለቅ እንደሚችል፣ የምንተነፍሰው አየርም ምን ያህል ንጹሕ መሆን እንዳለበት ደረጃ ይውጣለት ይላል። የበከለ ያጸዳል፣ አለዚያም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። ለሰው ጤና የሚያሰጋ ከሆነም ድርጅቱ እስከ መዘጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ መዛወር ሊደርስ ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ለተቆጣጣሪው የሰጠው ሥልጣን ነው። የአካባቢ ተቆጣጣሪ አስቀድሞ ሳያሳውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ሳይዝ፣ በማንኛውም ሰዓት ቅጥር ግቢ መግባት ይችላል። ፖሊስ እንኳ ቤት ለመፈተሽ በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ነው የሚመጣው። ሕጉ ማበረታቻም አልረሳም፤ ብክለት ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገባ አዲስ መሣሪያ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ነው። ማጣሪያ መግዛት አቃተኝ የሚል ባለ ፋብሪካ መጀመሪያ ይህን አንቀጽ ቢያነብ ይሻላል።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ይህ ሕግ ልኩን የሚያገኘው ቡሬ ነው። የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም በዚያው ዓመት ሥራ ጀምሯል። ዙሪያው የበቆሎ፣ የአኩሪ አተርና የበርበሬ አገር ስለሆነ እህሉ እዚያው መቀነባበሩ መልካም ነገር ነው። የዘይትና የዱቄት ሥራ ግን በየትም አገር ሁለት ነገር ወደ አየር ይለቃል፤ የቦይለር ጭስና የገለባ ብናኝ። ለሁለቱም የታወቀ መላ አለ። ብናኙ በማጣሪያ ከረጢት ወይም አየሩን በሚያሽከረክር ማጠራቀሚያ ይያዛል፤ የቦይለሩ ጭስ እንዲቀንስ ደግሞ እሳቱ በቂ አየር አግኝቶ በደንብ መንደድ አለበት። ጭሱ የሚወጣበት ቦታ ይታወቃል፣ ባለቤትና ፈቃድ አለው፣ በሩ ይንኳኳል። አዋጅ 300 የተጻፈው እንዲህ ላለው ጭስ ነው።

መኪናው ጋ ስንደርስ ነገሩ ይላላል። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውራ ጎዳና ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ሰንጥቆ ያልፋል። አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋውን አሮጌ ኢሱዙ የሚይዘው በየዓመቱ ቦሎ ሲያወጣ የሚደረግለት ምርመራ ብቻ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ኢሱዙዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ።

አብዛኛው ጎጃሜ የሚተነፍሰው ጭስ ግን ከፋብሪካም ከመኪናም የመጣ አይደለም፤ ከጓዳ ነው።

ክረምት ላይ እንጀራ ሲጋገር ማየት ይበቃል። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ኩበቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም። የበቆሎ አገዳ ደግሞ ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፤ ስለዚህ ጋጋሪዋ በየእንጀራው ጎንበስ ብላ መማገድ አለባት። ሦስቱ ጉልቻ ዙሪያቸውን ክፍት ስለሆኑ እሳቱ ከምጣዱ ሥር ያመልጣል፣ ጭሱም ፊቷ ላይ ይመጣል። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱና ጭሱ ይደባለቃሉ። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው። ጣሪያው ከዓመት ዓመት በተጋገረ ጥላሸት ያብረቀርቃል። ደንበጫ ላይ አረቄ ለሚያወጡ ሴቶችማ እሳቱ የሰዓታት ነው፤ ማሰሮው ሳይቋረጥ መፍላት አለበትና።

ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ያስመርራል፤ የሚገድለው ግን የማይታየው ነው። ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ብናኝ ከጠጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ ያህል ይቀጥናል፤ አፍንጫ አያስቀረውም፣ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው። በአገራችን የገጠር ማዕድ ቤቶች የሚለካው ብዙ ጊዜ በመቶዎች ይቆጠራል። ድርጅቱ እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከእነዚህ ውስጥ 237 ሺህ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

መላው ምን ነበር? በ1980ዎቹ ዓ.ም. አገር ውስጥ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ የሚቀረጽ ሲሆን ስድስት ክፍል አለው። አራቱ ምጣዱን በክብ ያቅፋሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ድስት ማስቀመጫና የጭሱ መውጫ ይሆናሉ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። የእንጨት ሸክም ለምታውቅ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለሳንባስ? መልሱ የተፈለገው እዚሁ ጎጃም፣ መራዊ ዙሪያ ባለው የመጫ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት 100 መንደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ በነበራቸው ቀጠሉ። ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት በታች የሆነ ከ5 ሺህ በላይ ሕፃናት ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በመጨረሻም በሕፃናቱ የሳንባ ኢንፌክሽን ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚሉ ሰዎች ይህን ሰምተው ደስ ሊላቸው ይችላል። እኔ ግን ምድጃው ይቅር አልልም፤ ማገዶ መቆጠቡ ብቻ ይበቃዋል። ከጥናቱ የምረዳው፣ የእንጀራው እሳት ታጥሮ ወጡና ቡናው ክፍት እሳት ላይ ከቀሩ ሕፃኑ የሚተነፍሰው አየር በቂ ለውጥ እንደማያገኝ ነው። ለጤና የሚበጀው ጭሱን ጨርሶ ከቤት ማስወጣት ነው፤ በቱቦ፣ በመስኮት፣ ከመኝታ በተለየ ማዕድ ቤት፣ በስተመጨረሻም በኤሌክትሪክ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የከተማ ሰው እንኳ መብራት ሲጠፋ ወደ ማገዶው ይመለሳል። ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ጳጉሜን 2017 የተመረቀውን ግድብ ይሞላል፤ ሰከላ ገጠር ግን ዛሬም በኩበት ይጋግራል።

የሕጉ ችግር እዚህ ላይ ነው። አዋጅ 300 ባለቤት ያለው ጭስ ይፈልጋል፤ የጓዳው ጭስ ባለቤት ደግሞ የምትታፈነው እናት ናት። እሷን መቅጣት ነውር ነው፤ ተቆጣጣሪም አያስፈልጋትም። ስለዚህ ጉዳዩ ይበተናል፤ ምድጃው የኢነርጂ ቢሮ፣ የሕፃኑ ሳል የጤና ጣቢያ፣ የፋብሪካው ጭስ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የሚሠራ የአየር ጥራት አስተዳደር ዕቅድ ነበራት። ለምዕራብ ጎጃምም እንዲህ ያለ ዕቅድ ቢወጣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ማዕድ ቤት መሆን አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት ውስጥ ላለ አካባቢ ይህን ማንሣት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ጭሱ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም።

እስከዚያው ባለቤት ያለውን ጭስ በተመለከተ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እኔን ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይከሳል። አቤቱታ ስታቀርቡ ጭሱ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ የወጣበትን ቦታና የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት። ለ30 ቀኑ ቆጠራ ማስረጃችሁ እሱ ነው።