ብድር ከገበሬው ደጃፍ፤ ዋስትናውም ከጎረቤቱ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ወረታ የፎገራ ሜዳ ገበያ ናት። በጉማራና በርብ ወንዞች ዳርቻ የሚኖረው ገበሬ ለውሃ መተኛት የተጋለጠውን መሬቱን ለሩዝ ካዋለው ቆይቷል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት በሙከራ የተጀመረው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋነኛ የገቢ ምንጭ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሩዝ ገንዘብ ይጠይቃል። ለዘርና ለማዳበሪያ በሰኔ፣ ለአረም ጉልበት በሐምሌና በነሐሴ ወጪ ይፈለጋል። ያን ጊዜ ግን ጎተራው ባዶ ነው። ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚቆመው፣ ወይም ያልታጨደ ሰብሉን በርካሽ የሚሸጠው በዚህ ወቅት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተቋቋሙት ድርጅቶች አንዱ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር። ተቋሙ በ1989 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበርነት ተመዝግቦ ገጠር ለገጠር ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል።

አሠራሩን ከሌላው ባንክ የለየው መያዣ አለመጠየቁ ነው። የሚተዋወቁ ጥቂት ገበሬዎች በቡድን ተደራጅተው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። የመስክ ሠራተኛው ወደ ቀበሌው ይወጣል፤ የተበዳሪውን ጠባይና ሥራ የሚያውቁ የቀበሌ የብድርና ቁጠባ ኮሚቴ አባላትም አመልካቾችን ያጣራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ጌጥነቱ ግን በአጣሪው ሐቀኝነት ይወሰናል። አንድ መሪ ለዘመዱ አድልቶ ቢመሰክርና ተበዳሪው ገንዘቡን ለድግስ ቢያውለው፣ ዕዳው በቡድኑ አባላት ላይ ይወድቃል። በሬውን ሸጦ የጎረቤቱን ዕዳ የከፈለ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት የሚያርስበት የለውም፤ ጉርብትናውም ይሻክራል። በሌላ በኩል መሬት እያላት በሬ የሌላትን ባሏ የሞተባትን ሴት «አትችልም» ብሎ ከቡድን ማስቀረት፣ ብድሩ ይበልጥ የሚያስፈልጋትን ሰው መግፋት ነው።

የመክፈያው ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ ገበያው ይሞላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ዕዳው በአጨዳው ማግስት የሚከፈል ከሆነ ገበሬው ዋጋ ሳይጠብቅ ለመሸጥ ይገደዳል። ስለዚህ መሪዎች ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ገንዘቡ ከዘር ወቅት ቀድሞ እንዲደርስና መክፈያው ገበያውን እንዲያገናዝብ መነጋገር አለባቸው። ርብ ወይም ጉማራ ሞልቶ ሰብል ቢያጠፋ ዕዳው እንዴት እንደሚታይም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከብድር ጎን ቁጠባ መዘንጋት የለበትም። በእቁብ የለመደው ገበሬ ከሩዝ ሽያጩ ጥቂት ቢያስቀምጥ፣ ወይም በገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ታቅፎ ቢቆጥብ፣ ለከርሞው ዘር ሲል አይበደርም።

ተቋሙ ባንክ ሆኖ ከፍ ቢልም ገበሬውን በመልክና በስም የሚያውቀው የቀበሌው ሰው ነው። ይህን ዕውቀት ያለ አድልዎ ማቅረብ የመሪዎች ኃላፊነት ነው።